የቀላው ቡና ያልቀላ ሲመስለኝ

የቲቢ ኪኒን የምትወስዱ ሰዎች፣ ይህን አንብባችሁ ኪኒናችሁን እንዳታቆሙ። ይህን መጀመሪያ ላይ የማስቀምጠው፣ ጽሑፍ ጀምሮ የማይጨርስ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። እኔም ራሴ እንደዚያው ነኝ። ግማሹን ሰምቶ የሚሮጥ ሰው ምን እንደሚደርስበት ግን በራሴ አይቻለሁ፤ እሱን ነው የምነግራችሁ።

ታደለች እባላለሁ። የምኖረው ወናጎ ነው። ባለቤቴ ሽፈራው እዚያው ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። እኔ ቡና ሲደርስ ዱመርሶ አካባቢ በአንድ የግል ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተረካቢ ነኝ። ተረካቢ ማለት ገበሬው እሸት ቡናውን በጆንያ ይዞ ሲመጣ፣ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት አይቶ የሚፈርድ ሰው ነው። የቀላውን አስገባለሁ፣ ያልቀላውን አስለቅማለሁ፣ የደረቀውን እመልሳለሁ። እጄን እስከ ክርኔ ጆንያው ውስጥ ሰድጄ ከሥር እፍኝ አወጣለሁ፤ ጮሌው ቀዩን ከላይ አረንጓዴውን ከታች ያደርጋልና። ታደለች ዘንድ ማጭበርበር የለም ይሉኝ ነበር። የሚሉኝ ወድደውኝ አይደለም። ምላሴ ስለት አለው፤ እኔም አውቀዋለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ በሳል ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳልኩ፣ ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። ላብ አንሶላዬን ሲያርሰውና ቀሚሴ ወገቤ ላይ ሲሰፋኝ ሽፈራው በግድ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። አክታዬ ተመረመረ፤ ቲቢ ሆነ። የቲቢ ክፍሏ ነርስ ሲስተር አልማዝ ያን ቀን ብዙ ነገር አስረዳችኝ። ከዚያ ሁሉ ጆሮዬ የያዘው ኪኒኑን አንድ ቀን እንኳ እንዳልዘል ማለቷንና ስለ ቀለም የተናገረችውን ብቻ ነው። መድኃኒቱ ቀለም ይለውጣል፣ ሽንትሽ ይቀላል፣ እንባሽም ሊቀላ ይችላል፣ አትደንግጪ አለችኝ። ስለ ዓይንም ነግራኝ ይሆናል። ዛሬ ስጠይቃት ነግሬሻለሁ ትላለች፤ አልዋሸችም። እኔ ግን ቲቢ የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም፤ ሬሳዬ ከቤት ሲወጣ እያየሁ ነበር።

ኪኒኑ አራት መድኃኒት በአንድ ላይ የተጨመቀበት ነው። በየማለዳው ሲስተር ፊት ቆሜ እውጣለሁ። በማግስቱ ሽንቴ እንዳለችው ቀላ፤ እየሠራ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከሳምንታት በኋላ ሳሉ ጋብ አለ፣ እህል መቅመስ ጀመርኩ። ሲስተርም ከእንግዲህ ለሰው አታስተላልፊም፣ አቅም ካለሽ ሥራሽን ግቢ አለችኝ። ቡናው ደርሶ ነበርና ገባሁ።

የዓይኔ ነገር መቼ እንደጀመረ ሰው ሲጠይቀኝ ትዝ የሚለኝ አምፖል ነው። ሳሎናችን ጨለመብኝ። ሽፈራውን አምፖሉ ደክሟል፣ ቀይረው አልኩት፤ ቀየረው። አዲሱም ያው ነው። የተጣለ አምፖል ነው ወይ የገዛኸው ብዬ ጮህኩበት። ሽፈራው ሲናደድ ዝም የሚል ሰው ነው፤ እኔን ደግሞ የሚያሳብደኝ ዝምታ ነው። ውጭ ስወጣም ቀኑ ሁሉ የደመነ ይመስለኛል። ሰው ፀሐዩ አናት ይበሳል ሲል እኔ ዝናብ ሊመጣ ነው እላለሁ።

በዚያው ሰሞን ሽንቴ መቅላቱን ተወ። እንደ ድሮው ቢጫ ሆነ። ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው ማለት ነው ብዬ አለፍኩት። ሲስተር ቀለም ይለውጣል ብላኝ የለ? የተለወጠ ነገር መለስ ቢል ምን ይገርማል። ለማንም አልነገርኩም፤ ሽንቴ ቢጫ ሆነ ብሎ ጎረቤት ጠርቶ የሚያወራ ማን አለ።

ጣቢያው ላይ ግን ጉድ ፈላ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሽፈራው የአጎት ልጆች ቡና ይዘው መጡ። እጄን ሰደድኩ፣ እፍኝ አወጣሁ፣ የቀላ ነው ብዬ ወደ ሚዛን አሳለፍኩት። መፈልፈያው ማሽን ሲነሣ ቅርፊቱ አልላቀቅ ያለው ያልበሰለ ፍሬ እንዳለ ይወጣ ጀመር። በማግስቱ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምሴ ጠሩኝ። ከማጠቢያው ገንዳ የወጣውን በሳህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል። ይኼ ምንድን ነው አሉኝ። ቡና ነው አልኩ። ምን ዓይነት ቡና አሉኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ምን እያሳዩኝ እንደሆነ አላወቅሁም። ሳህኑ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ነበር፤ ጭቃ የነካው ነገር ይመስላል። እሳቸው ቀስ ብለው፣ የዘመዶችሽ ነው አሉኝ።

ነደድኩ። ስንት ዓመት የገዛ ዘመዶቼን ጆንያ ስመልስ የኖርኩ ሰው አዳላሽ ልባል? አለቀስኩ፣ ጮህኩ። አቶ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰው አንድ ጊዜ ይሳሳታል ብለው ወደ ሚዛኑ መለሱኝ።

ከዚያ ወዲያ ፈራሁ። የፈራ ተረካቢ ደግሞ ሁሉን ይመልሳል። ጋሽ ወራሳ ቡናቸውን ይዘው የመጡት በዚህ መሐል ነው። ጋሽ ወራሳ ከዱመርሶ በላይ በኩል የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሚስታቸው ጋር አንድ አንድ ፍሬ እየመረጡ ነው የሚለቅሙት። የእሳቸውን ጆንያ ድሮ ለወጉ ያህል ነበር የማየው። ያን ቀን እፍኙን አወጣሁ፤ ጭቃ ሆነብኝ። ያልቀላ አለበት፣ ይለቀም አልኳቸው። ሽማግሌው ጆንያቸውን መሬት ላይ ዘረገፉት። ለቃሚ ሴቶች ተሰበሰቡ። አንዷ ሳቀች። ጋሽ ወራሳ አፋቸውን የፈቱት በጌዴኡፋ ነው፤ ሲናደዱ አማርኛው ላይ ሴትና ወንዱ ይደባለቅባቸዋል።

«ልጄ፣ አንተ ዓይንህ የት አለ?» አሉኝ።

ስድብ መሰለኝ፤ በስድብ መለስኩ። ምን እንዳልኳቸው አልጽፈውም። አቶ ደምሴ በዚያው ቀን ከሚዛን አንሥተው ቡና ወደሚሰጣበት የሽቦ አልጋ፣ ከለቃሚዎቹ ጋር አደረጉኝ። እዚያም ሥራው የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው መለየት ነው። የሌሎቹ ጣት ይሮጣል፣ የእኔ ጣት ቆሞ ይቀራል። ሳይመሽ ሻርፔን አንሥቼ ወጣሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ተረካቢዋ ጉቦ በልታ ተባረረች የሚለውን ወሬ የሰማሁት ከሁሉ ኋላ ነው።

ከዚያ መንከራተት መጣ። አማቴ ምች ነው አሉና ዳማከሴ ጨምቀው አሹኝ፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ዓይኔ ግን እዚያው ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ዓይንሽ ተቆጥቷል ብሎ ጠብታ ሰጠኝ። ስኳር አለብሽ? የለብኝም። ደም ግፊት? የለብኝም። ጠብታው አለቀ፣ ሌላ ጨመሩልኝ። ስለ ሳንባ መድኃኒቴ አላነሣሁም። ደብቄ አይደለም፤ ሳንባ ከዓይን ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ምንም አልደበቅሁም፤ በየክፍሉ የየክፍሉን ብቻ ነበር የምናገረው። ለሳንባው ክፍል ሳንባዬን፣ ለዓይኑ ክፍል ዓይኔን። ሰውነቴ አንድ መሆኑን ማንም አላስታወሰኝም፣ እኔም ራሴን አላስታወስኩትም።

ዲላ ወርደን አንድ መነጽር ቤት ገባን። ዕድሜ ነው አለኝ ሰውየው። ዕድሜዬን ሳይጠይቅ ነው ዕድሜ ነው ያለኝ። ፊደል አስነበበኝ። ዳር ዳሩን አያለሁ፣ ትኩር ብዬ የማየው ፊደል ግን ይጠፋል፤ ዓይኔን ሳዞር ደግሞ የጠፋው ይመጣና ሌላው ይሄዳል። መስታወት ቀያየረልኝ። አንዱም አልረዳኝም፤ ልመጂው፣ ጊዜ ስጪው አለኝ። የመነጽሩ ዋጋ ጥጃችንን ወሰደ። መነጽሩን አድርጌ ወጣሁ፣ አስፋልቱን ልሻገር ፊት ለፊት አየሁ፣ ምንም የለም። አንድ እግሬን እንዳነሣሁ ሽፈራው ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ወረወረኝ። የጭነት መኪናው በፊቴ ሲያልፍ ነፋሱ ነጠላዬን ገፈፈው። ያን የሚያህል መኪና የምመለከትበት ቦታ መሐል ላይ ነበር፤ እኔ ያየሁት ባዶ መንገድ ነው። ጥቁር እንኳ አላየሁም። ጥቁር ባይ ኖሮ እጠነቀቅ ነበር።

ቤት ስንገባ ሽፈራው ዝምታውን ፈታ። ይህ ሁሉ የመጣብሽ ኪኒኑን ከጀመርሽ ወዲህ ነው፣ ተይው አለኝ። ብተወው ሳንባዬ ይገድለኛል አልኩት። ዕውር ሆነሽ ከምትኖሪ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። አልተኛሁም። ጎኔን በተገላበጥኩ ቁጥር አንዱ ፍርሃት ይተወኝና ሌላው ይቀበለኛል። ብውጠው ልታወር ነው፣ ባልውጠው ልሞት ነው። እግዚአብሔርን ከሁለቱ አንዱን ምረጥልኝ ብዬ ለመንኩት፤ እንዲህ ተብሎም ይጸለያል ወይ አትበሉኝ።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር አልማዝ ለሥልጠና ሐዋሳ ሄዳ ሌላ ሠራተኛ ተተክቷል። የሽፈራውን ጥርጣሬ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መድኃኒት አቋራጭ ናት ብሎ እንዳይመዘግበኝ ፈራሁና ዓይኔ ጠፋ ብቻ አልኩት። ጣቱን ከፊቴ ዘርግቶ ስንት ነው አለኝ። ስሳሳት ፊቱ ተለዋወጠ፤ ዛሬውኑ ዲላ ሪፈራል ሆስፒታል ሂጂ ብሎ ዓይኔን ብቻ የሚያነሣ ወረቀት ጻፈልኝ። ኪኒኑን ዋጥኩትና ሄድን።

በሪፈራሉ የዓይን ክፍል ደጃፍ አግዳሚው ሞልቶ ሰው ወለል ላይ ተቀምጧል። ግማሹ ዓይኑ በፋሻ የታሸገ ነው። ከጎኔ የነበሩ አንዲት አሮጊት ተራዬ ሲጠራ እንዳያመልጠኝ ስሜን ጠይቀው እሳቸው ያዳምጡልኝ ጀመር፤ ጆሮ እኔም አለኝ ብዬ ልመልስ ብዬ ነበር፣ ግን እንባዬ መጣ። ያን ቀን ክፉ ያልተናገረኝ ሰው ሁሉ ያስለቅሰኝ ነበር።

ሐኪሟ ዶክተር ሕይወት ትባላለች፣ ልጅ እግር ናት። ሽፈራው ውጭ ቀረ። ብርሃን እያበራች ዓይኔን እስከ ጓዳው ድረስ አየችው። የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠይቃኛለች፤ ይህንን እመሰክርላታለሁ። እኔም አዎ ብዬ ከቦርሳዬ የዓይን ጠብታውን አውጥቼ ሰጠኋት። ሌላ ጠብታ የለም? የለም። ዓይንሽ ንጹሕ ነው አለችኝ፤ ሞራ የለውም፣ ቁስለት የለውም፣ ከጀርባውም ደህና ነው። ዓይን ደህና ሆኖ የማያይ ከሆነ ችግሩ ከዓይን ወደ ኋላ ነው፤ ምናልባት ሐዋሳ ሄደሽ ጭንቅላትሽ በማሽን መነሣት ይኖርበታል፣ ለጊዜው ደምና ሽንት ስጪና ተመለሺ አለች። ጭንቅላት ስትል ዕጢ ነው የሰማሁት።

ላቦራቶሪው መስኮት ላይ የሽንት ዕቃውን አቀበልኩ። ሽፈራው ከኋላዬ ቆሟል። ባለሙያው ዕቃውን አየና፣ እህቴ ደም መሽናት ከጀመረሽ ቆየ ወይ አለኝ። ምን ደም፣ ቢጫ ነው እኮ አልኩት። ሰውየው ወደ እኔ አየ፣ ወደ ሽፈራው አየ። ሽፈራው ጎንበስ ብሎ ዕቃውን ተመለከተ።

«ታዱ፣ ይኼ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ቢጫ ነዋ።»

«ቀይ ነው» አለ።

የሚቀልድብኝ መሰለኝ። ዕቃውን ከመስኮቱ ነጥቄ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰድኩት። ቢጫ ነው። ተሰልፈው ከነበሩት አንዷን እናቴ፣ ምን ይመስልሻል ብዬ ጠየቅኋት። ቀይ ነው፣ ምነው አለችኝ፣ እያዘነችልኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ይኼ ቀይ ከሆነ እኔ ስንት ቀይ ነገር ቀይ አይደለም ብዬ ነው የመጣሁት? የአቶ ደምሴ ሳህን። የጋሽ ወራሳ ቡና። ሽማግሌው አልሰደቡኝም፤ ጠየቁኝ እንጂ።

ሽፈራው አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ኪኒኑን ስትጀምሪ እንዲህ ነበር አይደል አለኝ። ነበር፣ በኋላ ግን መቅላቱ ተወኝ አልኩት።

«አልተወሽም» አለ፤ «አንቺ ነሽ ማየት የተውሽው።»

ክንዴን ይዞ ሳይፈቀድለት ዶክተር ሕይወት ክፍል ገባ። የቲቢ ኪኒን ትወስዳለች አላት። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ከመሳቢያዋ ባለ ነጠብጣብ ሥዕል መጽሐፍ አወጣች። በየገጹ የቀለም ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ መሐሉ ላይ ሌላ ቀለም ባላቸው ነጠብጣቦች ቁጥር ተጽፏል አለችኝ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ፤ እሱን ቀለም የማያውቅ ሰውም ያነበዋል። ከዚያ ወዲያ ገጹን ትገልጣለች፣ እኔ ምንም የለበትም እላለሁ። ሽፈራው ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል። እሱ ቁጥሮቹን እያያቸው ነበር።

ኪኒኑ ውስጥ ካሉት አራት መድኃኒቶች አንዱ ኤታምቡቶል ይባላል። በጥቂት ሰዎች ላይ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ ቀድሞ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ቀይና አረንጓዴን መለየት ነው፣ ከዚያ የእይታን መሐል። ዶክተሯ ይህን ስትነግረኝ ነርቭ ምንድን ነው አልኳት። ሥራሽ ምንድን ነው አለችኝ፤ ነገርኳት። እንዲህ አለች። ገበሬው ወርቃ ላይ ቡናውን ለቅሞ ጭኗል፣ ዲላ ላይ ተቀባዩ መጋዘኑን ከፍቶ ይጠብቃል፣ መሐል ላይ ዝናብ መንገዱን ቆርጦታል እንበል። ዓይንሽ ጫኙ ነው፣ አንጎልሽ ተቀባዩ ነው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። የተጎዳው መንገዱ ነው። የሚያየው ዓይን ብቻ አይደለም፤ ዓይን ይልካል፣ ተቀብሎ ይህ ቀይ ነው ብሎ የሚፈርደው አንጎል ነው።

ታዲያ ቀዩ ሲሄድብኝ እንዴት አላወቅሁም አልኳት። ይኼ ጥያቄ ነበር ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ። አንጎል ያልደረሰውን ከለመደው ይሞላል አለችኝ። ቡና ቀይ እንደሆነ ስለምታውቂ ቀይ ነው እያለ ሲነግርሽ ቆይቷል፤ መኪናው መሐል መንገድ ላይ ሲጠፋብሽም ክፍተቱን በአስፋልት ሞልቶ ነው ያሳየሽ። የጨለመ ቦታ ስላላየሽ የጎደለ ነገር ያለ አልመሰለሽም። የሽንትሽን መቅላት ግን ለረጅም ጊዜ አልለመደውም፤ ስለዚህ እሱን ቶሎ ተወው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ ተከድቼ አላውቅም። ሌባ ቢሰርቀኝ እጮኻለሁ፤ የራሴ ጭንቅላት ሲያታልለኝ ለማን አቤት እላለሁ?

የደሜ ውጤት ሲመጣ ኩላሊቴ ደከም ብሎ ተገኘ። መድኃኒቱ ከሰውነቴ በጊዜ ሳይወጣ ተጠራቅሞብኝ ኖሯል። ሐኪሟ እዚያው ስልክ አንሥታ የሆስፒታሉን የቲቢ ክፍል አነጋገረች። ያ ኪኒን ከማግስቱ ጀምሮ ቆመ፤ የቀሩት ሦስቱ መድኃኒቶች ለየብቻ ተሰጡኝ። ሽፈራውን አይታ፣ ሁሉንም ብታስቆማት ኖሮ ሳንባዋ ያገረሽ ነበር፣ ሳትናገሩ ብትቀጥሉም ዓይኗ ይሄድ ነበር አለችው። ባሌ ልክ የነበረው ከአራቱ በአንዱ፣ በሩብ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህችን እስከ ዛሬ እነግረዋለሁ።

«ይመለሳል?» አልኳት።

«ለብዙዎች ይመለሳል፤ ለሁሉም አይደለም» አለች። «ወራት ይፈጃል። ከመሻሉ በፊት ሊብስም ይችላል። መጠበቅ እንጂ የምሰጥሽ ሌላ መድኃኒት የለኝም።»

ባሰ። ኪኒኑ ከቆመ በኋላ ባሰ። የሽፈራው ፊት መሐሉ ጠፍቶ ጆሮዎቹ ብቻ ይታዩኝ ጀመር፤ ጆሮህ እንዲህ ትልቅ መሆኑን ሳላውቅ ነው ያገባሁህ ብዬ ልስቅ ሞከርኩ፣ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ማለዳ ዓይኔን ከመግለጤ በፊት እቆያለሁ። ገልጬ ካልተሻለኝ ቀኑን ሙሉ መሸከም አለብኝና፣ ሳልገልጥ የምቆይባት ጥቂት ጊዜ ዕረፍቴ ነበረች። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች መጥተው ጸለዩልኝ። ጎረቤቴ ገበያ ስንወጣ ምንም ሳትል የበሰለ የበሰለውን ቲማቲም እየመረጠች ዘንቢሌ ውስጥ ትጨምርልኛለች። እኔ ሰው ሲረዳኝ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ እሷን አልተቆጣኋትም።

ሽፈራው አቶ ደምሴ ዘንድ ሄዶ ነገሩን አስረድቶ ኖሯል። ወሬው ጋሽ ወራሳ ጋ ደረሰና አንድ ቅዳሜ በራችን ላይ መጡ። ድምፃቸውን ነው ያወቅሁት። ተነሥቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። ጉቦ በልታለች ካሉት ሰዎች አንዱ እሳቸው እንደነበሩ ነገሩኝ። እኔም እሳቸውን ምን እንዳልኳቸው እናውቃለን። ቡላ ይዘውልኝ መጥተው ነበር፤ ገንፎ ይሠራልሽ፣ አቅም ይሆንሻል ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ትንሽ ቀና አለልኝ።

ወራቱ አለፉ። የቲቢ ሕክምናዬን ጨረስኩ፤ አክታዬ ነጻ ሆነ። ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሲለኝ እኔ ዓይኔን ነበር የማስበው። በመጀመሪያ የተመለሰልኝ መሐሉ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱሴ ላይ የምዕራፉ ቁጥር፣ ቀጥሎ ትልልቁ ፊደል፣ ቀስ በቀስ ትንንሹም። የሽፈራው አፍንጫ ተመለሰ። ቀለሙ ግን እንዳኮረፈ ቀረ። ክፉው ነገር ደግሞ አሁን የማየውን አላምነውም። ቲማቲም ቀልቶ ሲታየኝ፣ ስላየሁት ነው ወይስ ቲማቲም ቀይ እንደሆነ ስለማውቅ ነው? ያ አታላይ ጭንቅላቴ እንደገና እየሞላልኝ ቢሆንስ? ሽፈራው እየፈተነኝ ጨርቅ ያሳየኛል፣ እኔ ግምት እመልሳለሁ፣ ተሳስቼ እንደሆነ ከዝምታው አውቃለሁ። በኋላ ፈተናውን ተው አልኩት። ዶክተር ሕይወትም ከዚህ በላይ ላይመጣ ይችላል፣ ተዘጋጂ አለችኝ። ተዘጋጀሁ። ወይም የተዘጋጀሁ መሰለኝ።

እናንተ ኪኒን ላይ ያላችሁ፦ አታቁሙ። ግን ብርሃን ከደበዘዘባችሁ፣ ቀለም ከተምታታባችሁ፣ ያው ቀን ሄዳችሁ ተናገሩ። የትኛውም ክፍል ብትገቡ የምትውጡትን ሁሉ፣ የሳንባውንም የሆዱንም፣ ለሁሉም ንገሩ። ይገናኛል ወይስ አይገናኝም የሚለውን እነሱ ይወስኑ፤ እኔ ወስኜ ያገኘሁትን አይታችኋል።

በልግ ገብቶ ነበር። አንድ ቀን ከዓይን ቀጠሮዬ መልስ ሽፈራው ከመናኸሪያው በባጃጁ ተቀበለኝ። ሁለት ተሳፋሪ ከኋላ ጭኗል፤ እኔ ከእሱ ጎን ጥግ ላይ ተለጥፌአለሁ። ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገዱ በኩሬ ተሞልቷል፣ ሽፈራው ደግሞ እንደ ልማዱ ይፈጥናል። እኔ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያማረርኩ ነበር። ፊት ለፊታችን አንዲት የማላውቃት ሴት ከኩሬው ጠርዝ ቆማ ልትሻገር ትጠብቃለች።

«ቀስ በል፣ ያቺን ባለ ቀይ ጃንጥላ ጭቃ እንዳትረጫት» አልኩትና ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

ሽፈራው ፍሬኑን ረገጠ። ባጃጁ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ከኋላ ያሉት ምን ሆነሃል ሰውየው አሉት። ከጀርባችን ጥሩምባ ተነሣ። እሱ ግን መሪውን እንደያዘ ፊቴን ብቻ ያያል።

«ማንን እንዳልረጫት?» አለኝ።

«ያቺን…» ብዬ ጣቴን ዘረጋሁ። ጃንጥላውን ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም። ጃንጥላ ሰማያዊ ይሆናል፣ ጥቁር ይሆናል፣ አበባ ያለበት ይሆናል፤ ጭንቅላቴ ከየትም አምጥቶ ሊሞላልኝ አይችልም። ሴትየዋ በፊታችን ስትሻገር መንገድ ዘግታችሁ ምን ትጎለታላችሁ ብላ ተቆጣችን። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይወርዳል፣ ቀይ ነው፣ ወዲያ ማዶ እስክትደርስ ቀይ ነው፣ ሽፈራው መሪው ላይ ተደፍቶ እያለቀሰ ነው።